«ትናንት ለብሰኸው ዛሬ ምን ተገኘ?»



ሶኒ ቢል ዊልያምስን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በአንድ ፎቶ ነው፤ የ2015ቱን የራግቢ ዓለም ዋንጫ ሜዳሊያ ከአንገቱ አውልቆ ሜዳ ለገባ ልጅ ሲያጠልቅ። ፎቶው ያምራል፣ ክርክርም የለውም። እኛ ልንከራከር የመጣነው በ2017 ማሊያው ኮሌታ ላይ ስለለጠፋት ፕላስተር ነው።

ለማታውቁት፣ ራግቢ ሁለት ዓይነት ነው፤ 13 ተጫዋች ያለው ሊግ እና 15 ያለው ዩኒየን። ኒውዚላንዳዊው ሶኒ ቢል በ2004 ገና በ19 ዓመቱ ከሲድኒው ቡልዶግስ ጋር የሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በ2008 ግን የአምስት ዓመት ውሉን ትቶ፣ በውድድሩ መሀል ሹልክ ብሎ ፈረንሳይ ገባ፤ ለቱሎን ዩኒየን ሊጫወት። ነገሩ በካሳ ተዘጋ፤ እሱም «መኒ ቢል» የሚል ስም ተረፈው። ውል አፍርሷልና ይህን አንሸፍንለትም። ኢስላምን የተቀበለው ከዚያ ወዲህ፣ እዚያው ፈረንሳይ ሳለ ነው። ከኒውዚላንድ ጋር በ2011 እና በ2015 የዓለም ዋንጫ አነሳ፤ በመሀል በ2013 ወደ ሊግ ተመልሶ ከሲድኒ ሩስተርስ ጋር ሌላ ዋንጫ ወሰደ።

በ2017 ለኦክላንዱ ብሉስ ሲሰለፍ ኮሌታው ላይ የባንክ ስም ነበር። በፕላስተር ሸፈነው። ምክንያቱ ወለድ ነው።

ወዲያው ጥያቄው ዘነበ። ደመወዝህ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል? በብሔራዊ ቡድኑ ማሊያ ደረትህ ላይ የኢንሹራንስ ኩባንያ ስም ለብሰህ አልነበር? እውነት ነው፣ ለብሷል።

ግን ጠያቂው ምን እንዲሆን ፈልጎ ነው? ሁለተኛውንም እንዲያወልቅ? በፍጹም! የመጀመሪያውን መልሶ እንዲለብስ ነው። ይህ ጥያቄ ሐቅ ፍለጋ መስሎ ይመጣል እንጂ ሥራው የጀመረን ሰው ማስቆም ነው።

እዚህም በየከተማችን አለ። እህታችን ሒጃብ ስትጀምር «ትናንት የት ነበርሽ?» ትባላለች። ወንድማችን ቁጠባውን ወደ ከወለድ ነጻ ሒሳብ ሲያዛውር «መሥሪያ ቤትህስ በየትኛው ባንክ ነው የሚከፍልህ?» ይባላል። የሚያሳዝነው፣ ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከጎናችን የሚሰግድ መሆኑ ነው።

«ታዲያ ከፊሉን ሐራም ፈቀዳችሁ?» የምትሉን አትጠፉም። አልፈቀድንም። ኸምር በደረጃ ነው የተከለከለው፤ ዛሬ ግን ሕጉ ሙሉ ነው። ሙሉ ያልሆነው የሰው አቅም ነው። አንዱን ሐራም የተወን ሰው ሌላው ስለቀረው ወደ ተወው መልሱት የሚል ፈትዋ ከየት አመጣችሁ?

ሶኒ ቢልም ፕላስተር ለጥፎ ብቻ አልቀረም። ከኒውዚላንድ ራግቢ ማኅበር ጋር ተነጋገረ፤ ማኅበሩም የእምነት ጉዳይ መሆኑን ተቀብሎ የባንክ፣ የአልኮልና የቁማር ድርጅቶችን ስም እንዳይለብስ ተስማማ። ያ ሁሉ ሲያፌዝበት የነበረ ሰው «አይሆንም» ያለውን ነገር አሠሪው ራሱ ሆነለት።