«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ሲሏችሁ ገበሬው የት እንዳለ ጠይቁ

ወገን፣ ዛሬ ስለ ፊልም ነው የማወራችሁ። «በዚህ ጊዜ ደግሞ ፊልም?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሺ፣ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ፤ ከዚያ ስደቡኝ።

ዲግሪዬን ይዤ ፍኖተ ሰላም ቤተሰብ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሥራ ያጣ ሰው ፊልም ያያል፤ ኔትወርክ ሲኖር በስልክ፣ ሲጠፋ ደግሞ ጓደኛ በፍላሽ የሰጠውን። በቀደም አንድ የአማርኛ ፊልም ስከፍት አጎቴ አብረውኝ ተቀመጡ። ቡሬ ገጠር በርበሬና በቆሎ እያመረቱ ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው፤ ለጉዳይ ከተማ መጥተው እኛ ዘንድ ነበር ያደሩት። ፊልሙ ላይ አንድ ገበሬ ብቅ አለ። ቁምጣ፣ ዱላ፣ የኛ አነጋገር። ገና አፉን ሳይከፍት ሙዚቃው የቀልድ ሆነ። ሊፍት ሲያይ ይደነግጣል፣ ፎቅ ሲያይ ይደናበራል፤ የቤቱ ልጆች በሳቅ ሞቱ። አጎቴ አልሳቁም። «አንተ፣ ይሄ እኔን መሆኑ ነው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንድ መለኪያ ይዣለሁ። ፊልሙ ከመጽሐፍ ይውጣ፣ ከእውነተኛ ታሪክ ይቀዳ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ውስጥ የገጠሩ ሰው የሚወስነው ነገር አለ? ወይስ ለሌላ ሰው ጀግንነት ጀርባ ሆኖ ነው የቆመው?

በዚህ መለኪያ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኔትፍሊክስ «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የሚል ፊልም አወጣ። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ይላል። ታሪኩ የቤተ እስራኤሎች ነው፤ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ተነስተው በእግራቸው ሱዳን የገቡ፣ በመንገድና በስደተኛ ካምፕ በሺዎች የሞቱባቸው ወገኖቻችን። ሞሳድ ሱዳን ቀይ ባሕር ዳር የውሸት መዝናኛ ሆቴል ከፍቶ በሌሊት ያሸጋግራቸው ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። ፊልሙን ስታዩት ግን ጀግናው ማነው? ክሪስ ኢቫንስ፤ ያው ካፒቴን አሜሪካ! ቀረጻው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ። ዋናውን ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ የተጫወተው አሜሪካዊ። ያንን የሱዳን መንገድ ከከፈቱት ዋነኛው ፈረደ አክሉም የሚባል ኢትዮጵያዊ መምህር ነበር። ስሙን ስንቶቻችን ሰምተናል? ያቺን ልጇን አዝላ በረሃ ያቋረጠች እናትስ ፊልሙ ውስጥ ምን ትላለች? ምንም። ትሮጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ጀልባ ላይ ትወጣለች። አለቀ።

«የፈረንጅ ፊልም ስለሆነ ነው» እንዳትሉኝ። ወደራሳችን እንምጣ።

«ድፍረት»ን አስታውሱት። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት የወሰደ የአማርኛ ፊልም ነው፤ አንጀሊና ጆሊም በፕሮዲዩሰርነት ስሟ አለበት። ታሪኩ ለጋብቻ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅና በፍርድ ቤት የቆመችላት ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ነው። ጥሩ ፊልም ነው፣ አልዋሽም። ጀግኖቹ የኛው ሴቶች ናቸው፣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ነሐሴ 2006 አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ለምን? የታሪኩ ባለቤት «ሕይወቴ ነው፣ እኔን ሳትጠይቁ» ብላ ከስሳ ነበር። በኋላ ጉዳዩ ተቋጭቶ ፊልሙ ታየ። እኔ ግን ያቺ ምሽት ከፊልሙ በላይ አስተምራኛለች። በደሉን የተሸከመችው እሷ፣ ሽልማቱ ዓለምን ሲዞር ለመደመጥ ዳኛ ፊት መቆም የነበረባትም እሷ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ በትክክል የሠራ የለም? አለ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሲሠራ ካሜራውን ይዞ ገበሬ ዘንድ ሄደ፤ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው የተጫወቱት። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ዛሬ ብታዩት ጭሰኛው የሚያስቃችሁ ሰው አይደለም። ይደክመዋል፣ ይናደዳል፣ ያስባል፤ ሰው ነው። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በሠራው «ጤዛ» ላይም የተማረው ልጅ ከጀርመን ተሰብሮ ሲመለስ የሚቀበሉት ገጠር ያሉ እናቱ ናቸው። የሚያስታምሙት እሳቸው፣ የሚያፍርባቸውም እሱ። እኛ ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥን ልጆች ያንን ፊልም ስናይ የምንገባበት ጠፍቶን ነበር።

አሁን ቤታችን እንግባ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚኒባስ ስትሄዱ ማንኩሳን ታልፋላችሁ። ስንቶቻችሁ ናችሁ በመስኮት አይታችሁ «ይሄ የበዛብህ አገር ነው» ያላችሁ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ ነው። የአማርኛ ልቦለድ አናት ላይ የተቀመጠው መጽሐፍ የመንገዳችን ዳር ከተማ ታሪክ ነው!

ይሄን መጽሐፍ ወደ ስክሪን ማምጣት የማይመኝ የለም። ማንም ይሥራው ማን፣ እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው፦ ፍቅሩን አስቀርተው አመፁን መቁረጥ። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ሲላቀሱ ያሳዩናል፣ ጉዱ ካሳን የመንደር እብድ አድርገው ያስቁብናል፣ አበጀ በለውን ግን የሁለት ደቂቃ ሽፍታ ያደርጉታል። መጽሐፉን ያነበበ ያውቃል። የፊታውራሪ መሸሻን ግብር እምቢ ያሉት፣ ገጥመው የማረኳቸው እነማን ናቸው? ባላገሮቹ! ያ ከወጣ የቀረው የሰርግ ቪዲዮ ነው። መጽሐፉን ወደ ሰው ጆሮ ያመጣው ወጋየሁ ንጋቱ ልብስ አልነበረው፣ ካሜራ አልነበረው፣ ፈረስ አልነበረው። በሬዲዮ በድምፁ ብቻ ተርኮት ባላገሩን አላዋረደውም። ስለዚህ ችግሩ የብር ብቻ ነው አትበሉኝ።

ልቦለድ ይቅር፣ እውነተኛ ታሪክ ትፈልጋላችሁ? የካቲት 1933 የጣሊያን ጦር ቡሬና ማንኩሳ ምሽግ ላይ ነበር። ከሱዳን ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ የገባው በእንግሊዛዊው ዊንጌት የሚመራ ትንሽ ጦር ከበባቸው፤ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲሸሽ መንገድ ላይ ቆሞ ደሙን ያፈሰሰው የኢትዮጵያውያን ሻለቃ ነው። ስለዚያ ዘመቻ እንግሊዞች መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ጽፈዋል፤ አብዛኛው ዊንጌትን መሃል ያስቀምጣል። ዊንጌት ከመምጣቱ በፊት ጎጃም ውስጥ ጣሊያንን ዕንቅልፍ የነሱት እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀስ? ስንቁን ያቀበለች፣ ቁስለኛውን የደበቀች የጃቢ ጠህናን እናትስ? ነገ አንዱ መጽሐፍ ፊልም ቢሆን ጀግናው ማን እንደሚሆን ከአሁኑ ንገሩኝ።

እዚህ ላይ ግን ጣቴን ወደራሴ ላዙር። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ በልጅነታቸው የዚያን ውጊያ ተኩስ ሰምተዋል። ከብት ይዘው ጫካ መግባታቸውን፣ ከዚያም ባዶ ምሽግ ውስጥ ያገኙትን ቆርቆሮ ሲያወሩ ስንት ጊዜ ሰማሁ። «አንድ ቀን እቀርጻቸዋለሁ» እያልኩ ከረምኩ። ዓምና አረፉ። ስልኬ ውስጥ የሰው ሰርግ ጭፈራ ሞልቷል፣ የሳቸው ድምፅ ግን አንዲት ደቂቃ የለም። «ታሪካችንን ሰረቁን» የሚል ፖስት ሼር ሳደርግ የነበርኩት እኔ ነኝ። ማን ሰረቀኝ? እኔው ነኝ የጣልኩት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ተቆጥተን ላይክ አድርገን እንዳንለያይ። በዚህ ሳምንት ስልካችሁን ይዛችሁ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ፊት ተቀመጡ። ስማቸውን፣ አገራቸውን፣ ቀኑን በድምፅ አስይዙ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ የ«ድፍረት»ን ምሽት አትርሱ። ሁሉንም ፖስት አታድርጉት፣ አስቀምጡት። ነሐሴ 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ የሆነውን ያየ ሰው መሃላችሁ አለ፤ የሱንም ያዙት፣ ስሙን ግን ጠብቁለት። የኛ ዘመንም አንድ ቀን «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ተብሎ መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን «ውሸት ነው» ብሎ መጮህ ብቻውን አይበቃም፤ የምናወጣው ማስረጃ ያስፈልገናል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ያላነበባችሁ አንብቡ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ማንኩሳን የማያውቅ የጎጃም ልጅ ፊልም ሠሪውን ለመተቸት ምን አፍ አለው?

አጎቴ ወደ ቡሬ ከመመለሳቸው በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ቀረጽኳቸው። መጀመሪያ «የኔ ነገር ምን ይረባል» አሉ። ከዚያ ማቆም አቃታቸው።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ? እናናግራቸው።