የአንባቢ ፍርድና የደንበኛ ቁጣ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሻርሌን ሃሪስ የአሥራ ሦስት መጻሕፍት ተከታታይ ልብ ወለዷን የመጨረሻ ቅጽ እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 ለንባብ አበቃች (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ ግን ገና ከመሸጫ መደብር ሳይደርስ ተፈርዶበት ነበር። በጀርመን አገር አንድ ቅጂ ከቀኑ አስቀድሞ ከአንባቢ እጅ በመግባቱ የታሪኩ ፍጻሜ ተሰማ፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሱኪ ስታክሃውስ የብዙ አንባቢዎች ምርጫ የነበረውን ደም መጣጩን ኤሪክን አጥታ የመጠጥ ቤት ባለቤት ከሆነው ከሳም ጋር ትቀራለች የሚል ወሬ ተዛመተ። አንዲት ገጽ እንኳ ያልገለጡ ሰዎች ለመጽሐፉ ከደረጃዎች ሁሉ ዝቅተኛውን ሰጡት። ደራሲዋን ከሃዲ ያሏት፣ ያዘዝነውን መጽሐፍ እንሰርዛለን ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ሱኪ ከኤሪክ ጋር ካልሆነች ራሴን አጠፋለሁ እስከ ማለት የደረሰ ዛቻ እንደ ነበረም በወቅቱ በጋዜጣ ተዘገበ።

ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የተሰነዘረው አስተያየት በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። አንደኛው ጎራ አሥራ ሁለት መጽሐፍ በገንዘቡ የገዛ ሰው ስለ አሥራ ሦስተኛው የማዘዝ መብት አለው ይላል። ሁለተኛው ጎራ ደግሞ ክርክሩን ጨርሶ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ስለ ደም መጣጭ ፍቅር እንባ የሚያፈስሱ ሴቶች መሳቂያ እንጂ መከራከሪያ ሊሆኑ አይገባም ባይ ነው። ሁለቱም ስተዋል። የፊተኛው ንባብን ከግዢ ጋር ያምታታል፤ የኋለኛው አንባቢን ከነመጽሐፉ ይንቃል። የከፋውም የኋለኛው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ያላነበበውን መጽሐፍ የሚንቅ ሐያሲ፣ ሳያነብ ዝቅተኛ ደረጃ ከሰጠው ቁጡ አንባቢ በምንም አይሻልም።

ሥራው ራሱ ምን እንደ ሆነ ማየት ይገባል። የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው በ2001 ነው። ጃፓናውያን ሰው ሠራሽ ደም በመፈልሰፋቸው ደም መጣጮች ሰው መግደል ሳያስፈልጋቸው መኖር ይችላሉ፤ ስለዚህም ከተደበቁበት ወጥተው እንደ ዜጋ እንቆጠር ይላሉ። ታሪኩ የሚፈጸመው በሰሜን ሉዊዚያና በምትገኝ ቦን ቶም በተባለች ምናባዊ ትንሽ ከተማ ነው። ሱኪ የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ናት። የሰዎችን ሐሳብ ያለ ፈቃዷ ትሰማለች፤ ቢራ ስታቀርብ የጠጪው ቅናት፣ የጎረቤቷ ክፋት፣ የወዳጇ ሐሜት በጆሮዋ ሳይሆን በአእምሮዋ ውስጥ ይጮኻል። የደም መጣጭ አእምሮ ግን ለእርሷ ዝም ያለ ነው። ቢል የተባለው ደም መጣጭ ወደ መጠጥ ቤቱ በገባባት ሌሊት ልቧን የሳበው መልኩ ብቻ አይደለም፤ በሕይወቷ ያላገኘችው ጸጥታ ነው። ይህ የሰነፍ ደራሲ ፈጠራ አይደለም።

የአማርኛ አንባቢም በዚህ ሊሳለቅ አይችልም። ቡዳ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው፣ ሰው ተኩላ ወይም ነብር ሆኖ ሲያድር መስማት አዲስ ነገር አይሆንበትም። እንዲያውም በቡዳ ስም ማን ከማን እንደ ተለየ፣ የትኛው የእጅ ባለሙያ ከየትኛው ማዕድ እንደ ተከለከለ የሚያውቅ አንባቢ፣ ደም መጣጮች በሕግ ፊት እኩል እንሁን ሲሉ ቤተ ክርስቲያን መሥርቶ የሚያሳድዳቸውን የሃሪስን ጎራ ከብዙዎች ቀድሞ ይረዳዋል።

ከዚህ በላይ ደግሞ ሱኪ ደመወዝተኛ ናት። የቤቷ መግቢያ ጠጠር ያስፈልገዋል፤ ጠጠሩ ገንዘብ ይጠይቃል። በሌሊት የደም መጣጮች ጉዳይ ውስጥ ትገባለች፤ በማግስቱ የሥራ ተራዋ ስለ ደረሰ ጠረጴዛ ትወለውላለች። ሺሕ ዓመት የኖረ የሰሜን ባሕር ተዋጊ በደጅዋ ቆሞ ሳለ የቤት ግብሯን የምታስብ ሴት በዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ውስጥ እንደ ልብ አትገኝም። በአንባቢዎቹ ላይ የሚሳለቁት ወገኖች ይህን አላዩም። የሚያሳዝነው ግን ቁጡዎቹ አንባቢዎችም አላዩትም። ቢያዩት ኖሮ ፍጻሜው ባላስደነቃቸው ነበር።

ሱኪ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ ፀሐይ ወዳድ ናት። ሥራ በሌላት ቀን ግቢዋ ውስጥ ተዘርግታ ፀሐይ መሞቅ ከጥቂት ተድላዎቿ አንዱ ነው። ይህ ልማድ በየመጽሐፉ ይመላለሳል። ደም መጣጭ በፀሐይ ይቃጠላል። ስለዚህ ከቢልም ሆነ ከኤሪክ ጋር የምትኖረው ሕይወት የሌሊት ሕይወት ብቻ ነው፤ ቀኑን ብቻዋን ናት፤ ልጅም አትወልድም፤ እርሷ ስታረጅ እርሱ አያረጅም። ሳም ግን እንስሳ የመሆን ኃይል ቢኖረውም የቀን ሰው ነው። ውሻ ሆኖ እግሯ ሥር ሊተኛ፣ ሰው ሆኖ ደመወዟን ሊቆጥርላት ይችላል። ደራሲዋ ይህን ሁሉ ያኖረችው በአደባባይ እንጂ በስውር አይደለም።

ይህ እንኳ ባይበቃ አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ አለ። በ2012 በታተመው በዚህ ቅጽ ሱኪ ከአያቷ የወረሰችው አንድ ምትሐታዊ ዕቃ በእጇ አለ። ዕቃው ለምትወደው ሰው አንድ ምኞት ብቻ ይፈጽማል። ኤሪክ ፈጣሪው የሆነው ደም መጣጭ በተዋዋለው ውል ከኦክላሆማዋ ንግሥት ጋር ሊጋባ ተገድዷል፤ ሱኪ ዕቃዋን ለእርሱ ታውለው እንደሆነ ለማየት ይጠብቃል። በመጨረሻው ምዕራፍ ሳም በግጭት ይወድቃል። ሱኪ ሳታመነታ ምኞቷን ለእርሱ አዋለችው፤ ሳምም ከሞት ተመለሰ። ኤሪክ ይህን ቆሞ አየ። ምርጫው የተፈጸመው በዚያች ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ የተሰጠው አንባቢ ተታለልሁ ቢል ያታለለው ማን ነው?

እዚህ ላይ የገበያው እጅ መታየት አለበት። አሥራ ሦስቱ መጻሕፍት በአሥራ ሦስት ተከታታይ ዓመታት፣ በየዓመቱ አንድ አንድ እየሆኑ ወጡ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ኤች ቢ ኦ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ታሪኩን «ትሩ ብለድ» በሚል ስም አቀረበው፤ የመጽሐፉም ገበያ ከዚያ ጋር ናረ። በእንዲህ ያለ ንግድ ውስጥ የሚሸጠው ዕቃ ታሪኩ አይደለም፤ «ማንን ትመርጥ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንባቢዎች የቢል ወገን፣ የኤሪክ ወገን እየተባሉ እንደ ኳስ ደጋፊ እንዲሰለፉ ሲደረግ ያዘነ አሳታሚ አልታየም። አንባቢ ለዓመታት ደንበኛ ሆኖ እንዲያስብ ከተኮተኮተ በኋላ እንደ ደንበኛ ቢቆጣና ገንዘቤን መልሱ ቢል ማንን ያስደንቃል? ያም ሆኖ ኮትኳቹ መበደሉ የተኮተኮተውን ከጥፋት ነጻ አያወጣም። ሰው መጽሐፍ ሲገዛ ወረቀቱን ገዛ፤ የማንበብና የመፍረድ ሥልጣንንም አገኘ። ገጸ ባሕርይዋን ለማን እንደሚድር የመወሰን ሥልጣን ግን በዋጋው ውስጥ አልተካተተም።

ስለ መፍረድ ሥልጣን ከተነሣ ዘንድ የሎረል ሃሚልተን ጉዳይ ሊታለፍ አይገባውም፤ ምክንያቱም እዚያ ጥፋቱ በሌላው ወገን ነው። በ1993 የጀመረው የሃሚልተን ተከታታይ ልብ ወለድ በሴንት ሉዊስ ከተማ የምትኖር አኒታ ብሌክ የተባለችን ሴት ይተርካል። አኒታ ሥራዋ ሙታንን ከመቃብር ማስነሣት ነው፤ ሕግ የጣሱ ደም መጣጮችንም በሕጋዊ ፈቃድ ትቀጣለች። የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የወንጀል ምርመራ ታሪኮች ነበሩ። በ2001 ከወጣው ከአሥረኛው መጽሐፍ ወዲህ ግን ምርመራው እየቀጨጨ፣ የመኝታ ቤት ትርኢት እየሰፋ ሄደ፤ በአንዳንዱ ቅጽ ወንጀሉ ራሱ የተረሳ እስኪመስል ድረስ። የቀድሞ አንባቢዎች ይህን ተቃወሙ። በ2006 ደራሲዋ ለተቃዋሚዎቿ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈች፤ የደብዳቤውም መንፈስ መጽሐፎቼን ካልወደዳችሁ ሌላ አንብቡ የሚል ነበር።

ይህ መልስ መልስ አይደለም። ነጋዴ ለሸማች የሚሰጠው ቃል ነው፤ ካልተስማማህ ከሌላ ሱቅ ግዛ ነው የሚለው። የሃሚልተን አንባቢዎች አኒታ እገሌን ታግባልን አላሉም፤ ጥያቄያቸው የታሪኩ አጥንት ወዴት ገባ የሚል ነበር። ይህ የሐያሲ ጥያቄ ነው፤ ጠያቂው ዲግሪ ስለሌለው ወይም መጽሐፉ በአውቶቡስ ውስጥ የሚነበብ ስለ ሆነ ክብደቱ አይቀንስም። በሃሪስ ላይ የዘመቱትንና ሃሚልተንን የሞገቱትን በአንድ ስም «ቁጡ አድናቂዎች» ብሎ መጥራት፣ ዳኛንና ደንበኛን አንድ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው።

ሃሪስም ብትሆን በዚህ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለችም። በዚያው በ2013 መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ታተመች፤ የገጸ ባሕርያቱን ስም በፊደል ተራ ዘርዝራ እያንዳንዱ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ገጠመው በጥቂት ቃላት የምትናገር። ይህች መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለችም፤ የሒሳብ መዝጊያ ሰነድ ናት። ፍጻሜዬ ፍጻሜ ነው ብላ በክብር ጸንታ የቆመች ደራሲ፣ ከወራት በኋላ ለደንበኛው ጥያቄ ደረሰኝ መቁረጧ የራሷን አቋም ሸረሸረ። ያስደሰተችውም ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ገዢዎች አጠረች ብለው እንደ ገና ተቆጡ። የደንበኛን ቁጣ በተጨማሪ ሸቀጥ ማብረድ እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ቴሌቪዥኑ በበኩሉ በኦገስት 2014 ሌላ ፍጻሜ አቀረበ፤ በዚያ ቢል በገዛ ፈቃዱ በሱኪ እጅ ይሞታል፣ ሱኪም ፊቱ ለተመልካች ካልታየ ሰው ጋር ትዳር ትመሠርታለች። ያም ፍጻሜ ብዙ ተመልካቾችን አስቆጣ።

ደራሲ በአንባቢ ግፊት ሲንበረከክ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ኮናን ዶይል በ1893 ሼርሎክ ሆምስን ገደል ቢጨምረው አንባቢው አላስቀምጥ አለው፤ በ1903ም ከሞት አስነሣው። የተነሣው ሆምስ እንደ ፊተኛው አይደለም የሚሉ ዛሬም አሉ፤ ይህ ሌላ ክርክር ነው።

ይልቅስ ስለ ፍጻሜ ቅሬታ ያለው አንባቢ ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ የአማርኛ ተረት ነጋሪ ጥንታዊ መልስ አለው። ተረቱን ሲጨርስ «ተረቴን መልስ፣ አፌን በዳቦ አብስ» ይላል። ሰሚው ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም ማጨብጨብ ወይም መሳደብ አይደለም፤ በተራው ሌላ ተረት መንገር ነው። ከሱኪ አንባቢዎች መካከል ይህን ያደረጉ አሉ። ኤሪክን ከውሉ ነጻ አውጥተው፣ ሱኪን አብራው አኑረው፣ የራሳቸውን ፍጻሜ ጽፈው እርስ በርስ ያነበቡ አሉ። ጽሑፎቹ ሁሉ ያማሩ አይደሉም፤ ብዙዎቹ የምኞት ውጤት ናቸው። ሆኖም ጸሐፊዎቹ ኤሪክን ከነትዕቢቱና ከነሺሕ ዓመቱ በወረቀት ላይ ለማቆም ሲሞክሩ፣ ሃሪስ ምን ተሸክማ እንደ ነበር በጣታቸው ዳስሰውታል። ዝቅተኛ ደረጃ ሰጥቶ ለሄደው ሰው ይህ ዕድል አልደረሰውም።

በመጨረሻው መጽሐፍ ላይ ሊነሣ የሚገባው ክስ እስከ ዛሬ በሚገባ ያልተነሣውም በዚሁ ጫጫታ ምክንያት ነው። ኤሪክ በዚያ ቅጽ የሚታየው በጥቂት ትዕይንቶች ብቻ ነው። ለብዙ መጻሕፍት የተገነባው የሁለቱ ፍቅር ሲፈርስ አንባቢው ፍርስራሹን ያያል እንጂ ሲፈርስ እምብዛም አያይም፤ በእርሱ ፋንታ ከቀደሙት ቅጾች የተጠሩ ገጸ ባሕርያት በሰልፍ እየመጡ ይሰናበታሉ፣ አንዲት የቀድሞ ባልደረባዋ ተገድላም ሱኪ በግድያው ትከሰሳለች። ሳም መመረጡ ትክክል ነው፤ የኤሪክ መሸኘት ግን ችኮላ አለበት። ፀሐይን በየመጽሐፉ በትዕግሥት ያስቀመጠች እጅ ለዚህ ስንብት አንድ ሙሉ ምዕራፍ መንፈጓ ለምን እንደ ሆነ ደራሲዋ ልትጠየቅ ይገባ ነበር፤ ጠያቂው ግን መጀመሪያ መጽሐፉን ማንበብ ነበረበት።