ጺም ስለ መላጨት

ጺም ማብቀል የወንድነት ምልክት ነው እያልን እንኮራለን። እንዴት እንደሚላጭ ግን የሚያስተምረን የለም። ብዙዎቻችን ደረቅ ጉንጫችንን በምላጭ ፍቀን፣ በማግሥቱ አንገታችን ቈስሎ ክፍል እንገባለን። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርሁ።

ባለፈው ክረምት ነገሩን ልፈትን ተነሣሁ። በ1ኛው ሳምንት ፊቴን በሞቀ ውሃ አርሼ የመላጫ ዘይት ብቻ ተቀባሁ፤ ምላጩ ደኅና ተንሸራተተ፣ ነገር ግን ዘይቱና ጸጉሩ ተጣብቀው ደፈኑት። በ2ኛው ሳምንት በክሬም ብቻ ተላጨሁ፤ አረፋው ውሃውን በጺሙ ላይ ስለሚያቈየው ጸጉሩ ለሰለሰ። በ3ኛው ሳምንት አስቀድሜ ዘይት፣ በላዩም ክሬም አደረግሁ፤ ከክሬሙ ብቻ እምብዛም የተለየ አላገኘሁበትም።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። ጺምን የሚያለሰልሰው ከሁሉ በፊት ውሃና ትዕግሥት ነው፤ ገንዘብ ያነሰው ተማሪ ሞቅ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። ጥቅልል ጸጉር ከሥሩ በተፋቀ ጊዜ ጫፉ ተመልሶ ወደ ቆዳ ይገባና ያቈስላል፤ ስለሆነም ወደ በቀለበት አቅጣጫ በቀስታ መላጨት ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አንድ ምላጭ ለሦስት ጓደኛ መዋሉ ነው። ደም የነካው ምላጭ የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። እንግዲህ ምላጭን ለባልንጀራ መከልከል ንፍገት አይደለም።

አባቶቻችን ሆይ፤ ከመስተዋት ፊት አቁማችሁ አስተምሩን፤ እኛ ለመጠየቅ እናፍራለንና።