ዓሣ ነባሪ ከሞተ በኋላ

ልጆች፥ «ዓሣ ነባሪ ሲሞት ሬሳው ወዴት ይሄዳል?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ እንዲህ ነው። አንዳንዱን ማዕበል ወደ ዳር ያወጣዋል፤ የሚበዛው ግን የፀሐይ ብርሃን ወደማይደርስበት ጥልቅ ይሰጥማል። በዚያም አስቀድሞ ሻርክና ሸርጣን ሥጋውን ይበሉታል፤ ቀጥሎ ትሎች በዙሪያው ካለው ጭቃ ትርፍራፊውን ይለቅማሉ። በመጨረሻም በአጥንቱ ውስጥ ያለው ቅባት ለዓይን የማይታዩትን ባክቴሪያዎች ይመግባል፤ እነርሱም በተራቸው ሌሎችን ይመግባሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ዓመት በካሊፎርኒያ አጠገብ፥ አልቪን በተባለች ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የሚመረምሩ ሊቃውንት 1,240 ሜትር ያህል በሚጠልቅ ስፍራ እንዲህ ያለ አፅም አገኙ፤ በላዩም ብዙ ፍጥረት ሰፍሮበት ነበር። ትልቅ አፅም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ማዕድ ሆኖ ይቈያል።

በሕይወቱ ሳለ ብዙ የበላው ፍጥረት በሞቱ ብዙዎችን ያበላል። እኛስ ከኋላችን የምንተወው ለስንት ዘመን ይበቃ ይሆን?