ከመዳብ የተቆጠረ ወርቅ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። ይህ ተረት በእግር ኳስ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከሰላ ውስጥ ሐበሻ ተሰብስቦ ቡና ከሚጠጣበት ከአንዱ ቤት ገብቶ ስለ አጥቂዎች ወሬ ያንሣ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ገብርኤል ባቲስቱታ ይነሣል። አርጀንቲናዊው ኳስ ያቆመው በ2005 ቢሆንም ታሪኩ ዛሬም ከነዝርዝሩ ይተረካል፦ ፊዮሬንቲና በ1993 ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ስትወርድ ጥሏት እንዳልሄደ፣ በዓመቱ ይዟት እንደ ተመለሰ፣ በ2000 ወደ ሮማ ከተሻገረ በኋላ በቀድሞ ክለቡ ላይ ግብ አስቆጥሮ እንዳለቀሰ፣ በተከታዩ ዓመት ከሮማ ጋር የኢጣልያ ሻምፒዮን እንደ ሆነ። የአርጀንቲናን የግብ ክብረ ወሰን በ2016 ሊዮኔል ሜሲ እስኪሰብረው ድረስ ይዞት መቆየቱን የማያውቅ ጎረምሳ የለም። ኳስ ካቆመ በኋላ እግሩ እያሠቃየው ሐኪሙን «ቁረጥልኝ» ብሎ መለመኑ እንኳ እንደ ዘመድ ሕመም በሐዘኔታ ይወራል።

በዚህ ላይ ነቀፋ የለም። ባቲስቱታ ሊወደድ የሚገባው ተጫዋች ነበር። ነቀፋው የሚጀምረው በዚያው ረከቦት ዙሪያ «በ1962ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አራተኛዋን ግብ ያገባው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። አንዱ ዝም ይላል። ሌላው «የዚያን ጊዜ ኳስ ደግሞ ምን ኳስ ነበር!» ብሎ ያጣጥላል። ሦስተኛው የተጫዋቹን ጨዋታ ትቶ የትውልድ ቀየውን ይጠይቃል። ዝም ያለውን መውቀስ አይገባም፤ ያልሰማ ሰው ባያውቅ አይፈረድበትም። ሙግቱ ከሁለቱ ጋር ነው።

ግቧን ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው። በ1940 ጎንደር የወለደችው፣ የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አጥቂ የነበረው፣ በታኅሣሥ 2010 በ70 ዓመቱ ያረፈው መንግሥቱ። በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች 10 ግብ አስቆጥሯል። ይህን ቁጥር ያጣጣለ ሰው ግን ቁጥሩን ከሌላ ቁጥር አጠገብ አኑሮት አያውቅም። ዲዲየር ድሮግባ፣ ሥዕሉ በየካፍቴሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የኖረው ድሮግባ፣ በአምስት የአፍሪካ ዋንጫዎች ያገባው 11 ነው። በአንድ ይበልጣል፤ በአንድ ብቻ።

«አራት ቡድን የተሳተፈበት ውድድር፣ ሁለት ጨዋታ አሸንፎ የሚነሣ ዋንጫ» የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። በ1962 አዲስ አበባ ላይ የተገናኙት ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ኡጋንዳና ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ክርክሩ ወደ ተናጋሪው ይመለሳል። ሁለት ጨዋታ ብቻ የተሰጠው አጥቂ ግብ የሚያገባውም በሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ከ2019 ወዲህ 24 ቡድኖች ይሳተፋሉ፤ ዋንጫ የሚያነሣው ቡድን ሰባት ጊዜ ይጫወታል። መንግሥቱ በሁለቱ ሦስት ግብ አግብቶ ከግብጻዊው ባደዊ ዐብደል ፈታሕ ጋር እኩል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ኢትዮጵያ ከ1959 እስከ 1970 በቀረበችባቸው ስድስት ውድድሮች ያደረገችው ጨዋታ ሁሉ ቢደመር 17 ነው። አንዱም ሳያመልጠው ሁሉንም ተሰልፏል ቢባል እንኳ 10 ግብ በ17 ጨዋታ ማለት ነው። ይህ በየትኛው ሚዛን ይቀልላል?

«ተጋጣሚዎቹ ደካሞች ነበሩ» ለሚለውም መልስ አለ። ባቲስቱታ በሁለት የተለያዩ የዓለም ዋንጫዎች በአንድ ጨዋታ ሦስት ሦስት ግብ በማግባቱ ይመሰገናል፤ ይገባዋልም። እነዚያ ግቦች ግን በእነማን ላይ ገቡ? በ1994 በግሪክ ላይ፣ በ1998 በጃማይካ ላይ። ሁለቱም በዓለም ዋንጫ ሲታዩ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ግሪክ ያን ዓመት አንድ ግብ እንኳ ሳታገባ ነው የተመለሰችው። ይህን አንሥቶ የባቲስቱታን ስድስት ግቦች የሚሰርዝ ሰው በከሰላ አልታየም፤ ሊታይም አይገባም። መንግሥቱ በፍጻሜው የገጠማት ግብጽ ግን ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለቱንም የአፍሪካ ዋንጫዎች፣ የ1957ቱንና የ1959ኙን፣ የወሰደች አገር ነበረች። የ1957ቱን ያነሣችው እዚሁ ሱዳን፣ ካርቱም ላይ፣ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋ ነው። ለአርጀንቲናዊው ያልተጠየቀ ጥያቄ ለጎንደሬው የሚጠየቀው ለምንድር ነው?

የፍጻሜውን ጨዋታ እንደገና ማሰብ ይጠቅማል። ባደዊ በ35ኛው ደቂቃ አገባ። ኢትዮጵያ እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ተመርታ ቆየችና ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። ስታዲዮሙ ገና ጩኸቱን ሳይጨርስ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ባደዊ ደገመ። ከዚህ በኋላ ሌላ ቡድን ቢሆን ይሰበር ነበር። በ84ኛው ደቂቃ ግን ሁለተኛዋ ግብ ገባች፤ በተጨማሪው ሰዓት፣ በ101ኛው ደቂቃ፣ ሦስተኛዋ ተከተለች፤ ሁለቱን የቫሳሎ ወንድማማቾች፣ ሉቺያኖና ኢታሎ፣ ተካፈሏቸው። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ አራተኛዋን ጨመረ። 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

እዚህ ላይ ሦስተኛው ተከራካሪ አፉን ይከፍታል። ከሰላ ከተማ ናትና አስመራም ጎንደርም በአንድ ጀበና ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ በ2023 የተነሣው ጦርነት ከካርቱም ያፈናቀላቸውም መጥተው ተጨምረዋል፤ ክርክሩም በርትቷል። አንዱ ወገን «ዋንጫውን ያመጡት የአስመራ ልጆች ናቸው፤ የእናንተ ምኑ ነው?» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የቫሳሎዎችን ስም ሲሰማ ፊቱን ያዞራል፤ አባታቸው ጣልያን፣ እናታቸው ኤርትራዊት መሆኗን እንደ ጥፋት ይቈጥራል። ሁለቱም በአንድ መቀስ የሚቆርጡ ናቸው። የ84ኛው ደቂቃ ግብ ባትገባ ተጨማሪ ሰዓት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ ተጨማሪ ሰዓት ከሌለ የመንግሥቱ ግብ ከወዴት ትመጣለች? ቫሳሎዎችን የሚሰርዝ ሰው መንግሥቱንም አብሮ ይሰርዘዋል። ዋንጫውን ለአስመራ ብቻ የሚያወርስም በተራው የጎንደሬውን ሦስት ግቦች ከየትኛው ከተማ መዝገብ እንደሚያገባቸው ይንገረን። ቡድኑን ያሠለጠነው ይድነቃቸው ተሰማ የጂማ ተወላጅ ነበር። እሱንስ ለማን እንስጠው?

የሉቺያኖ ፍጻሜ በተለይ በስደት ለሚኖር አንባቢ ባዕድ አይደለም። በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ወደ ኢጣልያ ተሰደደ፤ በመስከረም 2022 እዚያው በ87 ዓመቱ ዐረፈ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈውም በስደቱ አገር ቋንቋ፣ በጣልያንኛ ነው። የባቲስቱታን የፊዮሬንቲና ዘመን በአማርኛ የሚተርክ ትውልድ፣ የገዛ አምበሉን ታሪክ ለማንበብ ጣልያንኛ መማር ይኖርበታል ማለት ነው።

የቋንቋ ነገር ከተነሣ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የውጭ መዝገቦች የሐበሻን ስም በራሳቸው ሥርዐት ስለሚያሳጥሩ፣ በግብ አግቢዎች ዝርዝር ላይ የሚነበበው «ወርቁ» ብቻ ነው። ልጁ የሮጠውን አባቱ አገባው! በዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። አንዱ «ዋንጫው በ54 ነው» ሲል፣ ሌላው «የለም፣ በ62 ነው» ብሎ ይሟገታል፤ ቡና እስኪፈስ ድረስ የሚጋጩ አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጨዋታው የተደረገው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 21 ቀን 1962 ይሆናል። የራሱን ቀን ከሌላው ቀን ጋር ማስማማት ያቃተው ሰው «መዝገብ የለንም» ብሎ ማማረሩ አያምርበትም።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ ስለ መንግሥቱ የሚጻፈው ውዳሴ ብቻ ይሁን ማለት አይደለም። የ1970ው የአፍሪካ ዋንጫ በሱዳን ሲደረግ ኢትዮጵያ ካርቱም ላይ ሦስት ተጫውታ ሦስቱንም ተሸንፋለች። ኮትዲቯር 6 ለ 1 ስትረታት አምስቱን ያገባው ሎራን ፖኩ ነበር፤ የፖኩ 14 ግቦች ሳሙኤል ኤቶ በ2008 እስኪያልፋቸው ድረስ የውድድሩ ክብረ ወሰን ሆነው ኖረዋል። የሱዳን ሽማግሌዎች ያን ዓመት ጋናን 1 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫ ማንሣታቸውን ትናንት እንደ ሆነ ነገር ያወሩታል። በአሠልጣኝነት ዘመኑም እንዲሁ፣ መንግሥቱ በ1982 ወደ ሊቢያ የወሰደው ቡድን አንድ ግብ ሳያገባ ተመልሷል። ሆኖም ያው ቡድን ቤንጋዚ ላይ ከአልጄርያ ጋር 0 ለ 0 ተለያይቷል፤ ያቺው አልጄርያ ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች። ሽንፈቱም ከድሉ ጋር ይጻፍ። የባቲስቱታ ታሪክ የጣመው ከፊዮሬንቲና ጋር መውረዱ ስላልተደበቀ ነው።

የሚቸግረው ጊዜው ነው። የ1968ቱ ውድድር በኢትዮጵያ ሲደረግ አንዱ ምድብ አዲስ አበባ፣ ሌላው አስመራ ነበር። ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ፣ ከስታዲዮም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየው ልጅ፣ ዛሬ ሰባውን አልፏል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ድንበር ተሻግረው ያረጁት በዚህ በኩል ነው፤ በከሰላ፣ በገዳሪፍ፣ በመንገድ ላይ ባሉት ከተሞች። ከየቡና ቤቱ ጥግ ተቀምጠው ጎረምሶቹ ስለ ፊዮሬንቲና ሲከራከሩ በዝምታ ያዳምጣሉ። ባቲስቱታ በየትኛው እግሩ ይመታ እንደ ነበር ጎረምሶቹ ያውቃሉ። የ117ኛዋ ደቂቃ ግብ በየትኛው እግር እንደ ገባች፣ ኳሷን ማን እንዳቀበለ፣ በረኛው ወዴት እንደ ወደቀ ግን አያውቁም። ይህን ያየ ወይም ካየው የሰማ ሽማግሌ ከጥጉ ካለ፣ በረካው ሳይቀዳ አንዱ ወንበሩን ወደ እሱ ያዙርና «አባቴ፣ እስኪ ይንገሩን» ይበለው፤ ሌላውም ወረቀት ያውጣ።