የአንድ ዶላር ጉርሻ ስንት ያወጣል?

የቡናው ግዢ አብቅቶ ሂሳብ ሲዘጋ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ዛንዚባር ብቅ የሚሉ የጅማ ነጋዴዎች አሉ። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ የሚቀይር መንገደኛ ብዙም ሳይደክም የህንድ ውቅያኖስን ዳርቻ ያያል። ሠርቶ ያገኘ ሰው ማረፉ የሚያስነቅፍ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በዕረፍቱ መካከል በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ የምታልፈው ትንሽ ገንዘብ ናት፤ ጉርሻ፣ በአስተናጋጆች አነጋገር ቲፕ።

የእኛ ሰው ደሴት ሲሄድ ባለ አንድ ዶላር ኖት ሸክፎ ነው። ሻንጣ ለተሸከመው አንድ፣ አልጋ ለምታነጥፈው አንድ፣ ለጀልባው ልጅ ሁለት። ለመሆኑ ይህች ዶላር ተቀባዩ እጅ ከገባች በኋላ ስንት ታወጣለች?

የቦሳ ኪቶ ደላላ መልሱን አያጣውም። ጀንፈልና የታጠበ ቡና በአንድ ዋጋ አይጠሩም፤ እርጥበት ያለውም ከደረቀው እኩል አይሸጥም። ዶላርም እንደዚሁ ደረጃ አለው። በታንዛኒያ ምንዛሪ ቤቶች ባለ 50 እና ባለ 100 ዶላር ኖት በተሻለ ዋጋ ሲገዛ፣ ባለ 1 እና ባለ 5 በቅናሽ ነው የሚወሰደው። ኖቱ የተቀደደ ወይም እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ሠራተኛዋ አጠራቅማ፣ የትራንስፖርት ከፍላ፣ ከተማ ወርዳ ነው የምትመነዝረው። ሰጪው አንድ ዶላር ሰጠሁ ብሎ ሲደሰት ቅናሹን የምትሸከመው እሷ ናት።

ይህን ነገር እኛም ከተቀባዩ ወገን ሆነን እናውቀዋለን። ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊጎበኝ ከመጣ አውሮፓዊ የዩሮ ሳንቲም የተቀበለ ልጅ የሚመነዝርለት ባንክ አያገኝም። ባንክ የሚገዛው የወረቀቱን ገንዘብ ነውና ሌላ አውሮፓዊ እስኪመጣ ይጠብቃል።

በዚህ ላይ ሕጉም አለ። ታንዛኒያ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ በአገር ውስጥ የዕቃና የአገልግሎት ዋጋን በውጭ ገንዘብ መጥራትም ሆነ መቀበል ተከልክሏል። ጉርሻ ዋጋ አይደለም ይባል ይሆናል። ይሁን እንጂ ባለ ሱቁ ዶላር ካልተቀበለ ሠራተኛዋ በተሰጣት ኖት ዱቄት አትገዛበትም።

ታዲያ ሽልንግ ከየት ይምጣ? ብር ይዞ ሄዶ እዚያ እመነዝራለሁ ማለት አይታሰብም። ዶላሩን ከዚሁ ከባንክ መግዛት ነው፤ ሲገዙም ትልልቁንና አዲሱን ኖት መጠየቅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ርቀት ጠቧል፤ በየጓዳው ያረጀ ዶላር ለመሰብሰብ የነበረው ሰበብም አብሮ ሳስቷል። ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። (ዛንዚባር ላይ ይህን ያህል የሚሰጥ ሰው ጅማ ካፌ ውስጥ 10 ብር ጥሎ ሲነሳ ማየት የተለመደ ነው፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

እዚያ እንደተደረሰ አንዱን ባለ 100 ዶላር መንዝሮ ባለ 1,000፣ ባለ 2,000 እና ባለ 5,000 ሽልንግ መያዝ ይሻላል። 2,000 ሽልንግ ከአንድ ዶላር ያንሳል፤ ነገር ግን ቅናሽ የለበትም፣ የዚያኑ ዕለት ማታ ይሠራል። ለአልጋ አንጣፊዋ በየቀኑ መስጠት እንጂ ለመጨረሻው ቀን ማጠራቀም አይመከርም፤ ተረኛዋ ተቀይራ ገንዘቡ ላልደከመበት ሰው ሊደርስ ይችላል። ሂሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ ከሆነ ደግሞ፣ እዚህ ትልልቅ ሆቴሎች 10 በመቶ እንደሚጨምሩት ማለት ነው፣ ገንዘቡ ለሠራተኛው ይደርስ እንደሆነ አስተናጋጁን ቀስ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ወደ ሲሸልስ የሚሄድም በሩፒ ይህንኑ ያድርግ።

ዶላሩ በዶላር ለሚተመነው ይቀመጥ። ዛንዚባር ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ ጎብኚ የምትጠይቀው የ44 ዶላር የጉዞ መድን አንዱ ነው። የተረፈችውን ሽልንግ ግን ጅማ ድረስ ይዞ መመለስ ትርፍ የለውም፤ በመሳፈሪያው ዕለት ሻንጣ የሚገፋው ልጅ ይውሰዳት።