ለጎልፍ ጀማሪ ስንት ዱላ ይበቃዋል?

ለገና ጨዋታ ጫፉ የቆለመመ አንድ ዱላ ይበቃል። ሩቅ ቢለጉም ቅርብ ቢገፉም ያው ዱላ ነው። የጎልፍ ተጫዋች ግን ዱላ የሞላበት ትልቅ ቦርሳ ይዞ ነው የሚወጣው። ራሳቸው ለመጀመር ወይም ልጃቸውን ለማስጀመር ያሰቡ ወላጆች ይህን ሲያዩ «ይሄ ሁሉ የግድ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ሙሉው ስብስብ ቀላል ገንዘብ ስለማይጠይቅ፣ ከመግዛትዎ በፊት የየዱላውን ሥራ ማወቅ ይበጃል።

ዋናው ነገር የዱላው ርዝመትና ኳሷን የሚመታው ፊቱ ነው። ዱላው ረጅም፣ ፊቱም ቀጥ ያለ ከሆነ ኳሷ ዝቅ ብላ ሩቅ ትሄዳለች። ዱላው አጭር ሆኖ ፊቱ ወደ ኋላ ጋደም ካለ ደግሞ ኳሷ ወደ ላይ ትነሣና ቅርብ ታርፋለች።

ድራይቨር ከሁሉም ረጅሙ ነው። የፊቱ ጋደም ማለት ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ዲግሪ ሲሆን፣ ኳሷ ቲ በሚባለው ትንሽ ማስቀመጫ ላይ ሆና ሩቅ ለመምታት ያገለግላል። ከእሱ አነስ የሚሉት «ውድ» ይባላሉ። ስሙ ስለ ዋጋቸው አይደለም፤ በእንግሊዝኛ እንጨት ማለት ነው። ድሮ ራሳቸው የሚሠራው ከእንጨት ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ብረት ነው።

አይረኖች በቁጥር ይለያሉ። ቁጥሩ ሲጨምር ዱላው ያጥራል፣ ኳሷም የምትሄደው ርቀት ይቀንሳል። 3 እና 4 ቁጥር ለጀማሪ ስለሚከብዱ ብዙዎች በምትካቸው ሃይብሪድ ይይዛሉ፤ ኳሷን ከሣር ላይ በቀላሉ ያነሣል።

ዌጆች ለቅርብ ርቀት ናቸው። ሳንድ ዌጅ ፊቱ ከ54 እስከ 56 ዲግሪ ገደማ ይጋደማል፤ ታችኛው ክፍሉ ሰፋ ያለ በመሆኑ አሸዋ ውስጥ አይቀበርም። በመጨረሻ ፓተር ኳሷን በለስላሳው ሣር ላይ እያንከባለለ ወደ ጉድጓዱ ያስገባል።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ እንሥራ። በ72 ምት ይጠናቀቃል ተብሎ በተለካ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት የፓተር ምት ይታሰባል። ይህም 36፣ ማለትም ግማሹ ነው። ድራይቨር ግን በአንድ ጉድጓድ ቢበዛ አንድ ጊዜ ይመዘዛል። ገንዘብዎን በሙሉ ድራይቨር ላይ አያፍስሱ።

ሕጉ አንድ ተጫዋች ከ14 ዱላ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል እንጂ 14 ይሙላ አይልም። አሜሪካዊው ቺክ ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1916 የአሜሪካን ኦፕን ዋንጫ ሲወስድ ቦርሳው ውስጥ የነበሩት 7 ዱላዎች ብቻ ነበሩ። ለጀማሪም አንድ ውድ፣ አንድ ሃይብሪድ፣ 6 እና 8 ቁጥር አይረን፣ ፒቺንግ ዌጅ፣ ሳንድ ዌጅና ፓተር ይበቃሉ፤ እነዚህም ሰባት ናቸው።

ለልጅ ሲሆን ከዚህም ይቀንሳል፤ ሦስት ወይም አራት ዱላ ይበቃዋል። የአባትን ዱላ ቆርጦ መስጠት ግን አይመከርም። ርዝመቱ ቢያጥርም ራሱ ያው ከባድ፣ ዘንጉም ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ልጁ ያንን ለመሸከም ሲል ሰውነቱን እያጣመመ መምታት ይለምዳል፤ የለመደውን ማስተው ደግሞ ከማስተማር ይከብዳል። በቁመቱ ልክ ቀለል ያለ ዱላ ይምረጡለት። ቁመቱ ሲጨምር እንደ ጫማው ስለሚያጥረው፣ ያገለገለ ንጹሕ ዱላ መግዛት ብልህነት ነው። ሲገዙ ዘንጉ አለመሰንጠቁን፣ የእጀታው ጎማም አለመድረቁን ይመልከቱ።

የቀሩትን ዱላዎች ጨዋታው ራሱ ሲጠይቅ አንድ በአንድ ይጨምሯቸዋል። መልካም ጨዋታ!